ለሰው ሀብት ክፍል፦ ፎርሙ ላይ ሶስተኛ ሳጥን ይጨመርልኝ

ለመስሪያ ቤታችን የሰው ሀብት ክፍል፣ ለቅርብ አለቆቼ፣ እንዲሁም "ይሄ እኔን አይመለከተኝም" ብሎ ሊያልፈው ላሰበ ጤነኛ ሁሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ። በደንቡ መሰረት ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፣ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ፣ መልስ ስላጣሁ ነው በግልጽ ለመጻፍ የተገደድኩት እንጂ ማንንም ለማሳጣት አይደለም፣ ስም የማልጠራውም ለዛ ነው። ደብዳቤው ከረዘመባችሁ ይቅርታ፣ ግን በግራ እጄ አንድ ጣት ነው እየተየብኩ ያለሁት ስለዚህ ከናንተ ይልቅ የደከምኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ፎርም ነው። ከሕመም ፈቃድ ለሚመለስ ሰው የምትሰጧት ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት። መሀሏ ላይ ሁለት ሳጥን አላት፣ አንዱ "ሙሉ በሙሉ ድኗል፣ መደበኛ ስራውን መስራት ይችላል" ይላል፣ ሌላው "ስራ መስራት አይችልም" ይላል። በቃ። ሀኪሜ እስክሪብቶዋን ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ስታመላልስ ቆየችና "እንግዲህ የቱን ልበል?" አለችኝ። እኔስ ምን ልበላት? ድኗል ብትል ውሸት ነው፣ አይችልም ብትል ደሞ የባሰ ውሸት ነው። መጨረሻ ላይ ወረቀቷን ወደ ጎን አዙራ ህዳጉ ላይ "በቀን 4 ሰዓት ብቻ በመስራት ይጀምር፣ በየሁለት ሳምንቱ እየታየ ይጨመርለት" ብላ በደቃቅ ጽሁፍ ጻፈችና ማህተም አደረገችበት። ይዤ መጣሁ። በሶስተኛው ቀን ፎርሙ ተመለሰልኝ። ምክንያቱ ሁለት ነው ተባልኩ፣ አንደኛ ከሳጥን ውጪ የተጻፈ ነገር ሲስተም ውስጥ አይገባም፣ ሁለተኛ ከታች ያለው የሰራተኛው ፊርማ ፋይል ውስጥ ካለው የናሙና ፊርማ ጋር አይመሳሰልም።

ወደ ፊርማው እመለሳለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ዕድሜዬ 58 ነው፣ ክፍያ ክፍል ውስጥ 27 ዓመት ሰርቻለሁ። ስትሮክ የመታኝ እዛው ወንበሬ ላይ ነው። ሰነድ እየፈረምኩ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ፣ አነሳሁት፣ ደግሞ ወደቀ፣ እኔ በራሴ የሳቅኩ መስሎኛል፣ ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ልጅ ግን አይቶኝ "ጋሼ አፍዎ ተጣመመ!" ብሎ ጮኸ። "ትንሽ ልረፍ ይለቀኛል" ለማለት ፈልጌ ከአፌ የወጣው ነገር ቃል አልነበረም ይሉኛል። ይሄ ልጅ ውሃ ላምጣ፣ ጋደም ይበሉ ምናምን ሳይል መኪና አስነስቶ በቀጥታ ሀኪም ቤት አደረሰኝ። በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ስትሮኩ የደም ቧንቧ ተዘግቶ የመጣ ከሆነ (አብዛኛው እንደዛ ነው) የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድሀኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ እሱም ጭንቅላት ውስጥ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ያያችሁ ሰዎች በናታችሁ "አረፍ ይበል" አትበሉ። ከጉዳዬ ወጣሁ መሰለኝ፣ ግን ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም፣ ያ ልጅ ባይኖር ይሄን ደብዳቤ የሚጽፍም አይኖርም ነበር።

5 ወር ቤት ተቀመጥኩ። አሁን ያለሁበትን ሁኔታ በትክክል ልንገራችሁ ምክንያቱም እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፣ ሁሉም "ደህና ነህ አይደል?" ነው የሚለኝ፣ እሱ ደሞ ጥያቄ አይደለም። እራመዳለሁ። ድጋፉን ይዤ ደረጃ እወጣለሁ። ቀኝ እጄ ይታዘዛል ግን ዘግይቶ ነው፣ የሸሚዝ ቁልፍና ጽህፈት ላይ ያስቸግረኛል። ሂሳብ አልጠፋብኝም፣ እንደውም ያልታመሙት ያላዩትን ስህተት በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አግኝቻለሁ። ቃል ግን አንዳንዴ ይጠፋብኛል፣ እቃው ፊቴ ቁጭ ብሎ ስሙ አይመጣልኝም። ባለፈው ስቴፕለር አቀብሉኝ ለማለት "ያ... ወረቀት የሚነክሰው" ብዬ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ስቄያለሁ፣ አሁን በክፍላችን ስሙ "ነካሹ" ሆኖ ቀርቷል። እንደዚህ አይነቱ አያስቀይመኝም።

የከፋው የማይታየው ነው። ድካሙ። ድካም ስል ሰው ሁሉ የራሱን ድካም እያሰበ "እኔም'ኮ ይደክመኛል" ይለኛል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ድሮ ይደክመኝ ነበር፣ ይሄ ግን ሌላ ነገር ነው። ባትሪው 40 ፐርሰንት ላይ እያለ ድንገት ድርግም የሚል አሮጌ ስልክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደሱ ነው። ስራ ከጀመርኩ ሶስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆነኝ ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች እዛው ናቸው፣ 7ቱም 7 ነው፣ 1ዱም 1 ነው፣ ግን አንዱን ከአንዱ ጋር ማገናኘት ያቅተኛል፣ ያንኑ መስመር አምስቴ አነባለሁ። ሶስት ሰው ባንዴ ሲያወራና ስልክ ሲጠራ ደሞ ያ ሰዓት ቶሎ ይመጣል። ቤት ሄጄ አስር ሰዓት ተኝቼ ስነሳም ላይለቀኝ ይችላል። ሀኪሜ ይሄ ከስትሮክ በኋላ በጣም የተለመደ ነው ብላኛለች፣ ስትሮኩ ቀላል ነበር ማለት ድካሙ ቀላል ይሆናል ማለት አይደለም፣ እጅና እግር ከተመለሱ በኋላ እንኳን ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። በጥቅሻ የሚተያዩት የስራ ባልደረቦቼ ይሄን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል፣ ጠዋት ስቄ ያወራኋችሁ ሰውዬ ከሰዓት ግድግዳ ሲያይ ብታገኙት አስመስሎ አይደለም።

እሺ ወደ ፎርሙ። ሲመለስልኝ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሄጄ ሀኪሜን ለመንኳት። አዎ፣ ጥፋቱ የኔም ነው፣ አልክድም። "እንደዚህ ካልሆነ ስራዬን ላጣ ነው" ብዬ አስጨንቄያት ሳትወድ በግድ አንደኛውን ሳጥን መታችልኝ። ሙሉ በሙሉ ድኗል። ስለዚህ ዛሬ በናንተ ሲስተም ውስጥ እኔ ሙሉ በሙሉ የዳንኩ ሰው ነኝ፣ ሙሉ ቀን እሰራለሁ፣ የወር መዝጊያ ሲመጣ ደሞ እንደማንኛውም ሰው አመሻለሁ።

ፊርማውስ? ቀኝ እጄ ድሮ የሚያውቃትን ፊርማ አሁን አያውቃትም፣ መጀመሪያ ያለችው ክብ ትወጣለች፣ ጭራዋ ግን ወደ ታች ትንሸራተታለች። ከአራት ሙከራ በኋላ የናንተ ክፍል የምትሰራ ልጅ በጣም አፍራ፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ፣ የቀለም ሳጥኗን ወደኔ ገፋ አደረገች። አውራ ጣቴን ነከርኩ። 27 ዓመት የሰው ፊርማ ሳመሳክር የኖርኩ ሰውዬ በጣት አሻራ ፈረምኩ። ቀለሙ ደሞ ሁለት ቀን አልለቀቀም። ማንበብና መጻፍ ባለመቻሉ በአሻራ የሚፈርም ሰው ምን እንደሚሰማው ያን ቀን ነው የገባኝ፣ ምክንያቱም በነዛ ዓመታት ውስጥ "ፊርማው አይመሳሰልም" ብዬ ወረቀት የመለስኩባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ከነሱ መሀል እጁ የታመመ ይኑር አይኑር አንድ ቀን አልጠየቅኩም። አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል፣ መስኮቱ ስር ቆመው ወረቀቱን እንደያዙ "እጄ'ኮ ነው" ብለውኝ ነበር፣ እኔ ደሞ "አባት ደንብ ነው" አልኳቸው። ስለዚህ ልጅቷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ደንቡ ላይ ነው ቅሬታዬ።

የተመለስኩ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የ5 ወር ክምር ነበር። አለቃዬ "እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ እነዚህ አንተን ሲጠብቁ ነበር" አለኝ፣ በፍቅር ነው ያለው፣ አምነዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ክፍያ ላጸድቅ ስል ሲስተሙ "ፈቃድ የለዎትም" አለኝ። አይቲ ጋ ደወልኩ፣ የማጽደቅ ፈቃዴ ከተነሳ አራት ወር ሆኖታል፣ እንዲመለስ የመጣ ትዕዛዝ የለም። ማንም አልነገረኝም። ይሄን ነገር በደንብ እዩልኝማ፣ ስራው ሲሰጠኝ የጤነኛ ሰው ስራ ነው፣ አመኔታው ግን የበሽተኛ ነው። በሌላ በኩል ደሞ የሚወዱኝ ልጆች አሉ፣ ፋይል ሳነሳ ከእጄ ይነጥቁኛል፣ "ጋሼ እርስዎ አረፍ ይበሉ እኛ እንጨርሰዋለን"። እግዜር ይስጣቸው። ግን እጄ የሚድነው ፋይል በማንሳት ነው፣ ፊዚዮቴራፒስቱም የነገረኝ እሱን ነው፣ ያልተጠቀምክበት እጅ ይረሳሃል ብሎኛል። አንዱ ክምር ይጭንብኛል ሌላው ወረቀት ይነጥቀኛል፣ "የቱን ትችላለህ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጠፋ።

እና ደግሞ ያቺ ጥያቄ አለች። "ለጡረታ ስንት ቀረህ?" ከተመለስኩ ወዲህ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አልቆጥርም፣ ሊፍት ውስጥ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። አምና የ31 ዓመት ልጅ መኪና ገጭቶት ለረጅም ጊዜ ቤት ሲተኛ ሁላችንም የጠየቅነው "መቼ ነው የሚመለሰው?" ብለን ነበር። እኔን የምትጠይቁኝ መቼ እንደምወጣ ነው። ሕመም ሕመም ነው፣ በ31 ሲሆን ግን አደጋ ተባለ፣ በ58 ሲሆን ምልክት ተደርጎ ተወሰደ።

ዕድሜ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም፣ ሞኝ አይደለሁም። ከ55 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ የስትሮክ አደጋ በግምት እጥፍ እየሆነ እንደሚሄድ ሀኪሞቹ ነግረውኛል። ግን እናንተ በዕድሜዬ የምታሳብቡት ድክመት ስንቱ የዕድሜ ነው ስንቱስ የመተኛት? ፊዚዮቴራፒስቱ አንድ ነገር አጫውቶኝ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳላስ ውስጥ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶችን ለ3 ሳምንት ከአልጋ ሳይነሱ አቆዩዋቸው፣ ከዛ የልባቸውና የሳንባቸው አቅም ምን ያህል እንደወረደ ለኩ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዛኑ አምስት ሰዎች፣ አሁን 50 ሞልቷቸው፣ ደግመው ለኳቸው። የ30 ዓመት እርጅና ካደረሰባቸው ይልቅ በ20 ዓመታቸው የ3 ሳምንት አልጋ ያደረሰባቸው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ከዛስ? ለ6 ወር ያህል ቀስ በቀስ እየተጨመረ ልምምድ ተሰጣቸውና በ30 ዓመት ውስጥ ያጡትን አቅም መለሱት። በ50 ዓመታቸው! ቁልፉ "ቀስ በቀስ" የሚለው ላይ ነው፣ የኔ ሀኪም ህዳጉ ላይ የጻፈችውም እሱኑ ነው፣ እናንተ ደሞ ሲስተም ውስጥ አይገባም አላችሁት።

ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ከስልክ ውጪ ጓደኛ ስላልነበረኝ ብዙ አነበብኩ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሀኪም ለታመመ ሰራተኛ የሚሰጠው ወረቀት "ለስራ ብቁ አይደለም" ከሚለው በተጨማሪ "የሚከተለው ከተመቻቸለት ሊሰራ ይችላል" የሚል ምርጫ አለው፣ ከስሩም ቀስ በቀስ መመለስ፣ የሰዓት ለውጥ፣ የስራ ዓይነት ማስተካከል፣ የስራ ቦታውን ማመቻቸት የሚሉ ሳጥኖች አሉ። ሶስተኛ ሳጥን ማለት'ኮ ይሄው ነው፣ እኔ ከኪሴ ያወጣሁት ሀሳብ አይደለም። ሆላንድ ደሞ አሰሪው ለታመመ ሰራተኛ እስከ 2 ዓመት ደሞዝ የመክፈል ግዴታ አለበት፣ ቢያንስ 70 በመቶውን፣ ስለዚህ ሰውየው ደረጃ በደረጃ እንዲመለስ ከሰራተኛው በላይ አሰሪው ነው የሚጨነቀው። ዓለም አቀፉ የስራ ድርጅትም ቢሆን ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው 158ኛው ኮንቬንሽን በሕመም ምክንያት ለጊዜው ከስራ መቅረት ሰራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል፣ ከሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣው በዕድሜ የገፉ ሰራተኞችን የሚመለከት ምክረ ሀሳብ ደግሞ ስራውን ለሰውየው ስለማስማማት ያወራል። የፈረመና ያልፈረመ አገር አለ፣ ምክረ ሀሳብም አያስገድድም፣ ይሄ ይገባኛል፣ እኔም ጠበቃ ይዤ አልመጣሁም። አዲስ ነገር እንዳልጠየቅኩ እንድታውቁልኝ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ስለ ማምሸቱ። የዓለም ጤና ድርጅትና የስራ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ላይ ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዛ በላይ የሚሰራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሰራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይበልጣል። የኛን ክፍል የወር መዝጊያ ሳምንት ሰዓት ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከታመምኩ በኋላ ቆጠርኩት፣ እዚህ አልጽፈውም፣ እናንተም መዝገቡ አላችሁ። የኔ ስትሮክ በዛ መጣ ማለቴ አይደለም፣ ደም ግፊት ነበረብኝ፣ ክኒኔንም በቅጡ አልወስድም ነበር፣ ይሄም የኔ ጥፋት ነው። ግን አንዴ የተመታን ሰው መልሶ እዛው ሰዓት ውስጥ መክተት ምን ይባላል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አይነት ነው፣ ክምሩን ለመጨረስ ሲባል ሰውየውን ለሁለተኛ ጊዜ ማጣት።

የምፈልገው ይሄ ነው። የሀኪሜ የህዳግ ጽሁፍ እንደ ሕጋዊ ወረቀት ይቆጠርልኝ፣ በቀን 4 ሰዓት ልጀምርና በየሁለት ሳምንቱ ከአለቃዬ ጋር ተቀምጠን እንየው፣ ሲቻል ይጨመር ሳይቻል ባለበት ይቆይ። ደሞዝ በሰዓቱ ልክ ይቀነስ የምትሉ ከሆነ ተነጋግረን በጽሁፍ እናድርገው፣ ከቀረኝ ዓመታዊ ፈቃድ ላይም መቀነስ ይቻላል፣ አልሸሽም። ብቻ በር ዘግታችሁ ያለ እኔ አትወስኑት። የማጽደቅ ፈቃዴ ይመለስ ወይም ለምን እንደተነሳ ይነገረኝ፣ ስህተት እንዳልሰራ ከሆነ ስጋታችሁ ለሶስት ወር ሁለተኛ ሰው አብሮኝ ያጽድቅ፣ እኔም ብሆን እንደዛ ነው የማደርገው። ጠረጴዛዬ ከስልኩና ከፕሪንተሩ ራቅ ይበል፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው ባዶ ነው፣ ለዚህ ኮሚቴ አያስፈልግም። ረጅም ስብሰባ ካለ አጀንዳው ከአንድ ቀን በፊት በጽሁፍ ይላክልኝ፣ ቃል ሲጠፋኝ ቢያንስ ወረቀቱ እጄ ላይ ይሁን። እኔም በበኩሌ ከ5 ሰዓት በላይ ስሰራ የምሳሳተውን ራሴ እመዘግባለሁ፣ መዝገቡንም አሳያችኋለሁ፣ "ደህና ነኝ" ብዬ መዋሸት አቆማለሁ። እስካሁን ዋሽቻችኋለሁ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ ሩብ ሰዓት ቆሜ እየተመለስኩ "ስልክ ይዞኝ ነው" ስል ነበር።

ሶስተኛው ሳጥን ግን ለኔ ብቻ አይደለም። እዚህ ቤት ውስጥ ሀኪም ቤት ቀጠሮ እየደበቀ "ባንክ ነበርኩ" የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ማን እንደሆነም አውቃለሁ፣ አልናገርም። ካንሰር ታክሞ የሚመለስ አለ፣ ልቡን የተሰራ አለ፣ ወልዳ የደማች አለች። ሁሉም ያቺን ፎርም ይሞላታል፣ ሁሉም አንደኛውን ሳጥን ይመታል። ፎርሟን የሚያትመው የናንተው ክፍል ነው፣ አንድ መስመር መጨመር የአንድ ከሰዓት ስራ ነው፣ ሲስተሙ ላይ ማስገባቱም እንደማይከብድ የአይቲውን ልጅ ጠይቄዋለሁ፣ "ከታዘዝኩ አሁኑኑ" ነው ያለኝ።

ቀጣዩ የሀኪም ቀጠሮዬ ከሶስት ሳምንት በኋላ ነው። የድሮው ፎርም፣ ህዳጉ ላይ የተጻፈበት፣ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ኮፒውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የፊርማ ናሙናዬም እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ፣ በደንቡ መሰረት ሶስት ቦታ ፈርሜ ልኬላችኋለሁ። ሶስቱም እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፣ አውቃለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስሞክር ውዬ የመረጥኳቸው ናቸው። ሶስቱም የኔ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የክፍያ ክፍል ባልደረባችሁ